ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን

በእኛ ሰፈር፣ እንጅባራ፣ ሰው መሳቅ ሲያምረው ሁለት ታሪክ ያነሣል። አንደኛው የኔ ነው፤ ሁለተኛው የጎረቤታችን የጋሼ ሽመክት። ሁለቱም ከአንዲት መኪና የወጡ ናቸው። የኔን ሲያወሩ አብሬ እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ፣ ሠርቼዋለሁ። የሱን ሲያወሩ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሳቁ አልመጣ ብሎኛል።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። የኛንና የጋሼ ሽመክትን ግቢ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ነው። ቀርከሃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ዓይንና አንድ ጆሮ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አላጣም ነበር። ጋሼ ሽመክት አናጢ ነው። የሰፈሩ ሰው ተወልዶ የሚያድግበትን አልጋም፣ ሞቶ የሚሸኝበትን ሣጥንም የሚሠራው እሱ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን ድንጋይ። ካንድ ሰው ጋር ሲሆን ይጫወታል፤ ሌላ ሰው ከተጨመረ ምስማሩን ከንፈሩ ላይ ይደረድርና ዝም ይላል። ሚስቱ እትየ ዘውድነሽ የሱንም ድርሻ ደርባ ታወራለች። ልጅ አልወለዱም።

ጓሯቸው ውስጥ ሸራ የለበሰ ነገር ነበር። እኔ የጣውላ ክምር ይመስለኝ ነበር። ለካ ጫግኒ ላይ ካንድ ነጋዴ ግቢ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሠርቶ በለውጥ ያመጣት ባለ ሁለት በር ጣሊያን ሠራሽ እስፖርት መኪና ናት። ነጋዴው ዶሮ ያስተኛባት ነበር አሉ። ጋሼ ሽመክትም ቢሆን ሸራ ከማልበስ በቀር ለዓመታት ነገሬ ያላት አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አጎቴ ደረሰ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ዳንግላ ላይ ልጅ አጨ። አስተማሪ ነበር፤ ቁመናው ያማረ፣ ኪሱ ባዶ። ጋሼ ሽመክት የኛን በር ሊጠግን መጥቶ ሳለ እናቴ ምሥራቹን ነገረችው።

"የማን ልጅ ናት?" አለ መላጊያውን ሳያቆም።

"ያቶ አድማሴ። ሀይማኖት ትባላለች።"

መላጊያው ቆመ። እንጨቱን በመዳፉ አሻሸና "ደግ ነው" ብሎ፣ በሩን ከነማጠፊያው ተደግፎ እንደቆመ ትቶት ወደ ቤቱ ሄደ። እናቴ እስኪመሽ በበር ፋንታ አንሶላ ዘረጋች። "አናጢ ሁሉ እብድ ነው" አለች።

በማግሥቱ ከአጥሩ ወዲያ ኳኳታ ተጀመረ።

ከጋሼ ጋር ሌላ ድምፅ ነበር፤ መካኒኩ ወርቅአየሁ። ወርቅአየሁ ከወፍጮ ሞተር እስከ ግድግዳ ሰዓት ያልፈታው ነገር የለም፤ መልሶ መግጠሙን ግን ሁሉም አይመሰክሩለትም። ምስጢር ሲሆን ሁለቱ ወደ አውኚ ይዞራሉ። የኔ አውኚ ደግሞ የገበያ ነው፤ ከሰላምታና ከዋጋ አይዘልም። ስለዚህ ከንግግራቸው እኩሌታውን ጆሮዬ ይሰማል፣ እኩሌታውን ራሴ እሞላዋለሁ። ዓይኔ በቀዳዳው የሚያየው የሸራውን ጫፍና ሁለት ጥንድ እግር ብቻ ነው።

"ጧት ጧት አትነሣም" አለ ወርቅአየሁ። "ብትነሣም ታስላለች።"

"አርጅታለች። ምን ታድርግ?"

"ውስጧ ግን ጤነኛ ነው። ሰው ነው የበደላት።"

"ለሚያዝያ ትደርሳለች?"

"ከፈን ከተገኘላት ትወጣለች። የቸገረኝ ከፈኗ ነው። ልክ ወስደህላታል?"

"ቁመቷንም ወርዷንም ወስጃለሁ" አለ ጋሼ ሽመክት።

ሣጥን ሠሪ የሰው ቁመትና ወርድ ለምን እንደሚለካ የማያውቅ ልጅ በሰፈራችን የለም። ከፈን ደግሞ አያቴ ስትገነዝ በዓይኔ ያየሁት ነጭ ጨርቅ ነው። ሴትዮዋ ገና በነፍሷ እያለች ልኳን ወስደው ከፈን ፍለጋ ይዘዋል! እየሮጥሁ በእትየ ዘውድነሽ በር ገባሁ።

"እትየ፣ ይድረሱላት! ጋሼ ሣጥን ሊሠሩላት ነው!"

"ለማን?"

"ለሴትዮዋ! ጓሮ ላለችው! ጧት ጧት አትነሣም፣ ታስላለች..."

እትየ ዘውድነሽ ድንች እየላጠች ነበር። ከነቢላዋዋ ተነሣች።

"ጓሮ ላለችው ሴትዮ?"

ከዚህ በኋላ የሆነውን የምታወራው እሷ ናት፤ እኔ ከኋላዋ እየሮጥሁ ስለነበር ያየሁት ቀሚሷን ብቻ ነው። ጓሮ ስትደርስ ሁለቱ ወንዶች ከመኪናዋ ሥር ተጋድመው እግራቸው ብቻ ይታያል።

"ሽመክት! ሴትዮዋ የታለች?"

"የምን ሴትዮ?"

"ከፈን የምትገዛላት!"

ወርቅአየሁ ከሥር ተንሸራቶ ወጣና፣ ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ክዳን አጥቶ የተከፈተውን የመኪናዋን አፍንጫ አሳያት። "ኮፈን ነው እንጂ ያልነው! ኮፈን! የሞተሩ ክዳን! ይችውልሽ ሴትዮዋ!"

የዚያን ቀን ሳቅ ሦስተኛው ቤት ድረስ ተሰምቷል። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ገበያ መሀል "ከፈን፣ ደህና ዋልሽ?" የሚለኝ ሰው አለ። ስሜን የማያውቀው ይበዛል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መደበቁ ቀረ። ጋሼ ሽመክት እናቴ ዘንድ መጥቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "ለደረሰ ሠርግ መኪና አትፈልጉ። እኔ አደርሳታለሁ" አለ። እናቴ አለቀሰች። "እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል? ለሰው ልጅ ብሎ!" እኔም እንደሷ ለአጎቴ ደረሰ ፍቅር ብሎ መሰለኝ። አጎቴም እንደዚያ መስሎት አንገቱ እስኪቀና ድረስ ኮራ።

እናንተዬ፣ እንደዚያች መኪና በቁራጭ በቁርጥራጭ የተሠራ ነገር አላየሁም! ኮፈኗን ዳንግላ ያለ ባትላሜራ ከዘይት በርሜል ቀጥቅጦ አወጣላት፤ ጠጋ ብሎ ላየ የበርሜሉ ጽሑፍ ከቀለሙ ሥር ይነበባል። የመስኮቷ ጎማ ከአይሱዙ ካላማዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ በመቀስ ተቀዶ ነው። ጭስ ማውጫዋን ወርቅአየሁ ከውኃ ቧንቧ በየደው። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ስለነበር ሆዷ እንዳይፋቅ ከሌላ መኪና ባሌስትራ የሚሉትን ተጣጣፊ ብረት አምጥተው ከፍ አደረጓት፤ ያን ጊዜ ያቺ መሬት ለመሬት የምትሳብ እስፖርት መኪና ጭቃ እንዳይነካት ቀሚሷን የሰበሰበች ወይዘሮ መሰለች። ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ ጋሼ ራሱ ከዋንዛ እንጨት ጠርቦ ሠራው፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሁለቱን ወንበሮች ደግሞ የሰፋቸው ኮርቻ ሠሪ ነው። ምን ይደረግ፣ የአዊ አገር የፈረስ አገር ነው፤ ከኮርቻ ሠሪ የተሻለ ቆዳ የሚያውቅ ከየት ይምጣ? ተቀምጦባት የወረደ ሁሉ የበቅሎ ሽታ ይዞ ይወርዳል። ቀይ ቀለም በብሩሽ ሦስት ጊዜ ተቀባች።

የካቲት ላይ ተነሣች። ጋሼ ሽመክት ስለከፈኑ ካሳ ይሁንሽ ብሎ እኔን ጎኑ አስቀምጦ እስከ ጥርባ፣ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ድረስ ወስዶ መለሰኝ። እንዴት እንደበረረች! ባሕር ዛፉ ወደኋላ ይሸሻል፣ የሻሼ ጫፍ ጆሮዬን ይገርፈኛል፣ አቧራው እንኳ ሊደርስብን አልቻለም።

"ጋሼ፣ ለሠርጉም እንዲህ ይነዷታል?"

መልስ አልሰጠኝም። ብቻችንን ስለነበርን ሊያወራ ይገባው ነበር።

ወርቅአየሁ አንድ ሐሳብ አመጣ። ከተገለበጠ ሚኒባስ አጭር አግዳሚ ወንበር አግኝቷል፤ እሱን ከኋላ በይዶ፣ ሙሽሮቹን ከኋላ ማስቀመጥ። "አለዚያ ሙሽራው የት ሊቀመጥ ነው?" አለ። ጋሼ ሽመክት እፎይ ያለ መሰለኝ። "ልክ ነህ። እነሱ ከኋላ ይሁኑ። እኔ ፊት ፊቴን እያየሁ እነዳለሁ።" ወንበሩ መጥቶ ከጣውላው ጋር ተደገፈ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት እንደ ልማዴ ቀዳዳዬ ላይ ነበርሁ። እነሱም እንደ ልማዳቸው እኩሌታውን በአማርኛ፣ እኩሌታውን በአውኚ።

"ዳንግላ ሄጄ ከሩቅ አየኋት" አለ ጋሼ ሽመክት።

ወርቅአየሁ በአውኚ አንድ ነገር ጠየቀው።

"ምን ብዬ? በሌላ ሰው ስም ነው ያለችው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ዛሬ ተነሥቼ የኔ ናት ብል ማን ይሰማኛል?"

"ዘውዴ ታውቃለች?"

"ኧረ ዝም በል።"

እኔ ደግሞ በከፈኑ አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ፣ ሁለተኛ አልሸወድም! "እሷ" ማለት መኪናዋ እንደሆነች ተምሬያለሁ። መኪና ደግሞ ሊብሬ የሚባል ደብተር አላት፤ የባለቤቷ ስም እሱ ላይ ነው የሚጻፈው። አጎቴ ነግሮኛል። ስለዚህ የጋሼ ሽመክት መኪና በጫግኒው ነጋዴ ስም ናት፤ የሠርጉ ቀን ትራፊክ ይዟት ይሄዳል፤ አጎቴ ሙሽራዋን በእግሩ ሊያመጣ ነው! እንደገና ወደ እትየ ዘውድነሽ ሮጥሁ። ይህን ጊዜ ግን እንደ ትልቅ ሰው በሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የነገርኋት።

"እትየ፣ እሷ እኮ የጋሼ አይደለችም አሉ።"

"ማ?"

"መኪናዋ። በሌላ ሰው ስም ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው አሉ። የኔ ናት ብል ማን ይሰማኛል እያሉ ነበር ጋሼ። ዳንግላ ሄደው ከሩቅ አዩዋት።"

እትየ ዘውድነሽ ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር። አልሳቀችም።

"መኪናዋ እዚህ ጓሮ ናት" አለች ቀስ ብላ። "ዳንግላ ምን ትሠራለች?"

እኔም ትንሽ ግራ ገባኝና "ዕቃዋ ይሆናላ ዳንግላ ያለው" አልሁ።

"ዐሥራ ዘጠኝ ነው ያልሽ?"

"ዐሥራ ዘጠኝ።"

አውራ ጣቷን በጣቶቿ አንጓ ላይ እያራመደች ቆጠረች። ሁለቱ በተጋቡ ዐሥራ ሰባት ዓመታቸው እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ቆጥራ ስትጨርስ ልጅ እንደሚባረከው ግንባሬን ዳበሰችኝ።

"ለማንም እንዳትናገሪ። የሊብሬ ነገር ክፉ ነው። እኔ አስተካክለዋለሁ።"

እንዲህ ያለች ሴት ናት። ልቧ ተሰንጥቆ እያለ እንኳ የኔን ስሕተት አልሰበረችብኝም።

ሦስት ቀን ከዚያ ቤት የሰው ድምፅ አልተሰማም። እትየ ዘውድነሽ ዝም ስትል የሰፈሩ ውሾች እንኳ ጨነቃቸው። ምን እንደተባባሉ አጥሩ አላሳለፈልኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ንገራት" ስትለው ሰማሁ። ለመኪና ምን ይነገራል ብዬ ተውሁት።

ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ነበር። በዋዜማው ወንዶቹ ድንኳን ሲተክሉ፣ እትየ ዘውድነሽ ያንን ከሚኒባስ የመጣ አግዳሚ በሁለት ሰው አሸክማ ከግቢ ስታስወጣ አየኋት። ተከተልሁ። የአምሳለ ጠላ ቤት አስገባችው፤ ወዲያው ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡበት። ማታውን ወርቅአየሁ የብየዳ ማሽኑን ይዞ መጣ።

"ወንበሩስ?"

"አምሳለ ቤት ሰው ተቀምጦበታል።"

"ዘውዴ! ነገ እኮ ሠርግ ነው!"

"አውቃለሁ።"

"ሙሽራው የት ሊቀመጥ ነው?"

"ቂጥ ያለው ሰው መቀመጫ አያጣም" አለችና በሩን ዘጋች።

እንዴት እንደጠላኋት! ለእናቴ ነገርኋት፣ እናቴ ለሰፈሩ ነገረች፣ ሰፈሩም ወዲያው ፈረደ። ቀናች ተባለ። ባሏ መኪናዋን ስለወደደ መኪናዋን እንደ ጣውንት አየቻት ተባለ። ያ ስም እስካሁን አለቀቃትም፤ የሠርግ ወንበር ለጠላ ቤት የሰጠች። አንድ ቀን መልስ ስትሰጥ አልሰማሁም።

ጧት ጋሼ ሽመክት በሱፍ ኮት ሆኖ የመኪናዋን በር ሲከፍት ከኋላ ባዶውን አየ። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

"ሂድ እንጂ። ይረፍድብሃል።"

የፊቱን ቀለም አልረሳውም። አንድ በርሜል ቀይ ቀለም ቢያፈሱበት ቀይ አይሆንም ነበር።

ከሙሽራውና ከሚዜዎቹ ጋር በአይሱዙ ተከትለነው ዳንግላ ስንደርስ እልልታው ሰማይ ነካ። ሙሽራዋ ወጣች። አጎቴ ደረሰ በተዋሰው ኮት ክንዷን ይዞ፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ፣ መኪናዋ ዘንድ ደረሱ፤ እዚያ ላይ ዘፈኑ ቆመ። ሁለት ወንበር። አንዱ የነጂው ነው።

"ሌላውስ?" አለ አንደኛ ሚዜ።

"ሌላ የለም" አለ ጋሼ ሽመክት። ድምፁ አይሰማም።

"ስድስት ወር የሠራሃት መኪና ለሙሽራ ቦታ የላትም?"

"ሙሽራውን ኮፈኑ ላይ እናስረው!"

"አጎትሽ ራሱ አይነዳም እንዴ?" አሉኝ እኔን። አጎቴ ብስክሌት እንኳ አይነዳም።

አቶ አድማሴ፣ የሙሽራዋ አባት፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ከመኪናዋ ወደ ጋሼ ሽመክት፣ ከጋሼ ሽመክት ወደ ሚስታቸው አዩና "ሙሽራው ከአይሱዙው ይግባ። ልጅቱ ከሳቸው ጋር ትሂድ" አሉ። ምን ያህል እንደሚያውቁ ዛሬም አላውቅም።

እንዲህ ሆነና ሙሽራዋ ፊት ፊት በቀይ መኪና፣ ሙሽራው ከኋላ በአይሱዙ ጋቢና ከኔና ከሹፌሩ ጋር ተጣብቆ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ ጉዞ ተጀመረ። ጉዞ ካሉት! ያቺ እስከ ዘንገና የበረረች መኪና እንደ ቀብር ሸኚ ትራመዳለች። ሹፌራችን ጥሩምባውን ነፋ። ጥሩምባውን ደግሞ ነፋ። ከአይሱዙው ላይ ሚዜዎቹ "ወርደን እንቅደማት!" እያሉ ይጮኻሉ። አህያ የጫኑ ሴቶች ደርሰውብን አለፉን። ሙሽራ ተቀባይ ፈረሰኞች እንጅባራ መግቢያ ላይ ቆመው ቆመው ሲሰለቻቸው፣ አደጋ ደርሶ ይሆናል ብለው በግልቢያ መጡና አዲስ ቅዳም ከተማን ሳናልፍ አገኙን። ከበው ሁለት ጊዜ ዞሩን፤ ፈረሶቹ ቀስ ማለት አቅቷቸው ጥለውን ተመለሱ።

"እስፖርት መኪና!" አለ አጎቴ ደረሰ። "ድንች የጫነ ጋሪ ይሻል ነበር።"

ሦስት ሰዓት ፈጀን። ወጡ በርዶ ጠበቀን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኛ አገር ዋናውን ሰው ረስቶ ድግስ የደገሰ ሁሉ "የሽመክት መኪና" ይባላል። አናጢ ሆኖ፣ ሁሉን እየለካ ኖሮ፣ ወንበር መቁጠር የረሳ። ሠርቶ ሠርቶ ጉልበት ያልሰጣት። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያ ብዬ አወራሁት። መኪናዋ ለቁራሌው ተሸጣ ከሄደች በኋላም ሳቁ አልሄደም።

በቅርቡ ግን ወርቅአየሁ እርጅናው ገፍቶ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ የዚያን ሞተር ጉልበት ማነስ ባነሣበት በጣም ተናደደ። "ምንም አልሆነችም ነበር! በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን ዳገት ባንደኛ የወጣው እሱ ነው!" አለኝና፣ ተናዶ እያለ ሌላውንም ጭምር ነገረኝ። ሀይማኖት የማን ልጅ እንደሆነች። በወጣትነቱ ዳንግላ ላይ የአውደ ምሕረት በር ሲሠራ የተገናኛት ሴት፣ እሱ ሳያውቅ አርግዛ ለአቶ አድማሴ እንደተዳረች፣ እሱም ዘግይቶ እንደሰማ። ኅዳር ላይ መላጊያው ለምን እንደቆመ።

እትየ ዘውድነሽን ሄጄ ጠየቅኋት። ዛሬ ዓይኗ ደክሟል፤ ምላሷ ግን አልደከመም።

"ወንበሩን ስለዚህ ነው የሰጡት?"

"ሽመክትን አታውቂውም?" አለች። "ሦስተኛ ሰው ካለ አፉን አይከፍትም። ሙሽራውን ከኋላው ቢያስቀምጡለት ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ዝም ብሎ ይነዳ ነበር። ስድስት ወር ያን ሁሉ ብረት ቀጥቅጦ፣ ቃል ሳይተነፍስ አውርዷት ሊመለስ?"

"ሰው እኮ ቀናተኛ እያለ ሠላሳ ዓመት አማዎት።"

"ቀንቻለሁ እኮ" አለች። "መቅናቱንማ ቀንቻለሁ።"

ጋሼ ሽመክት ከውጭ ገባና ሁለት ሆነን ስላገኘን በርጩማውን ይዞ ተመልሶ ወጣ።

የቀረችኝ ሀይማኖት ናት። የአጎቴ ሚስት፣ አሁን የአራት ልጆች እናት። ገበያ ውለን ስንመለስ ያለ ወትሮዬ ፈራ ተባ እያልሁ ጠየቅኋት፤ በዚያ መንገድ ምን አለሽ ብዬ።

"ኧረ ምን ይላል!" አለች እየሳቀች። "ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ስለ መኪናዋ ነው ያወራልኝ። 'ይኼ ልጄ ከበርሜል ነው። ይኼ ልጄ ዋንዛ ነው፣ እኔ ነኝ የጠረብሁት። ወንበሩ ይመችሻል ልጄ? ኮርቻ ሠሪ ነው የሰፋው።' ሌላ ምንም።"

"አልነገረሽም?"

"እሱ አልነገረኝም። እናቴ ያን ዕለት ጧት ቬሎዬን ስታስርልኝ ነግራኛለች።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"'እሺ አባቴ' አልሁ። 'እውነትም ያምራል አባቴ።'"

በኛ አገር ልጄ ያላለ ሽማግሌ፣ አባቴ ያላለ ልጅ የለም። ውኃ ላቀበለም፣ መንገድ ለጠየቀም እንለዋለን። ያን ቀን ማንም መኪናዋ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ ቢቀመጥ ምንም ነገር ሰማሁ አይልም ነበር።

"ስንት ጊዜ ልጄ አለሽ?" አልኋት፤ ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ዘንቢሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"አዲስ ቅዳም ድረስ ቆጠርሁ" አለች። "ከዚያ በኋላ ተውሁት።"